የኩብራ ሰርግ ቪዲዮና ማዘርቦርዱን የማፋጠን ጉዳይ

የጭሮ «ብሩህ» የምስልና የኅትመት ሥራ የሽርክና ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጭሮ፣ በሐጂ ሙሜ ሕንፃ ሥር ያለው የማኅበሩ ሱቅ፤ ወንበር ስላልበቃ በከፊል ደጃፉ ላይ
የተጀመረው፦ ከዙሁር (የቀትር) ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ሙሜ ከመስጊድ እንደተመለሱ

የተገኙ አባላት፦
አቶ መኮንን፣ ሰብሳቢ፤ በጡረታ ላይ ያሉ የፊዚክስ መምህር
ሐጂ ሙሜ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ የጫት ነጋዴና የሕንፃው ባለቤት
ወ/ሮ ዘርፈሽዋል፣ ሒሳብ ሹም፤ ከጎን ያለው የቤት ዕቃ ሱቅ ባለቤት
ዚያድ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ
ሹክሪያ፣ የካሜራ ባለሙያና የቪዲዮ አቀናባሪ
ሉባባ፣ ጸሐፊ

አባል ሳይሆኑ የተገኙ፦ አቶ ሱሌይማን፣ የከባድ መኪና ሹፌር፤ የሙሽራዋ የኩብራ አባት

ምልዓተ ጉባኤ ሲቆጠር ችግር አጋጥሟል። ዚያድ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ እያስተካከለ ስለነበር ከእሱ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሰብሳቢው እግር ለምልዓተ ጉባኤ ይበቃ እንደሆነ ጠየቁ። ሐጂ ሙሜ «እግሩ እዚህ ካለ እሱ የት ይሄዳል አቦ?» ስላሉ ተቆጠረ። ሹክሪያ በበኩሏ ኮምፒውተሩ ላይ ሥራ እየሠራች እንጂ ስብሰባ ላይ እንዳልተቀመጠች ገልጻ እንዳትቆጠር ጠየቀች። ሰብሳቢው ኮምፒውተሩ ያለው ስብሰባው ውስጥ ስለሆነ እሷም ስብሰባው ውስጥ እንዳለች አስረድተው፣ ሆኖም ሥራ ላይ ስለሆነች ትቆጠር እንጂ አትናገር ሲሉ ወሰኑ። በዚህ መሠረት ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ተራ ቁጥር 1። የአቶ ሱሌይማንን ጥያቄ ስለ መስማት

አቶ ሱሌይማን ተነሥተው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፤ መልስ ተሰጣቸው። የልጃቸው የኩብራ ሰርግ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጭሮ መደገሱን፣ እሳቸው ግን ጭነት ይዘው ሲመለሱ መኪናው በረሃ ላይ ተሰብሮባቸው አለመድረሳቸውን ተናገሩ። ኒካሑ፣ ማለትም የጋብቻ ውሉ፣ እንዳይስተጓጎል ወኪልነቱን በስልክ ለወንድማቸው ሰጥተው፣ ልጅቷን ያስረከባትም ወንድማቸው ነው። ኩብራ አሁን ቦኬ ወረዳ ባሏ ቤት ናት። አቶ ሱሌይማን ደግሞ ዛሬ መኪናውን ቦርደዴ አቁመው፣ ረዳታቸውን ዘብ አስቀምጠው፣ በሚኒባስ ወደዚህ የመጡት የሰርጉን ቪዲዮ አይተው ለመመለስ ነው። ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ካልተነሡ ጭነቱ ይዘገይባቸዋል።

ፎቶ በስልክ አልተላከልዎትም ወይ ተብለው በወ/ሮ ዘርፈሽዋል ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦

«ተልኮልኛል። ፎቶው ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል። እኔ ማየት የፈለግሁት ልጄ ከቤቴ ስትወጣ ነው።»

ሰብሳቢው ቪዲዮው የት ደረሰ ብለው ሹክሪያን ጠየቁ። ሹክሪያ መናገር እንደተከለከለች አስታወሰች። ክልከላው ለዚህ ጥያቄ ብቻ ተነሣላት። ቅንብሩ አልቆ የቀረው ሬንደር ብቻ መሆኑን፣ ይኸውም ኮምፒውተሩ የተቆራረጠውን ምስል፣ ዘፈኑንና ጽሑፉን አንድ ላይ አጣምሮ አንድ ፋይል እስኪያደርገው መጠበቅ መሆኑን፣ ከሦስት እጅ አንዱ እንደተጠናቀቀና ማንም ካልነካው አቶ ሱሌይማን ከመሄዳቸው በፊት እንደሚደርስ ተናገረች። ማንም ካልነካው የሚለውን ደግማ ተናግራለች። ክልከላው ተመልሶ ጸና።

ከአጭር ውይይት በኋላ አቶ ሱሌይማን በማኅበሩ ሻይ እየተጋበዙ ደጃፉ ላይ እንዲጠብቁ ተወስኗል። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ፣ ዚያድ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ።

ተራ ቁጥር 2። ማዘርቦርዱን ስለ ማፋጠን

ዚያድ ያቀረበው ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቪዲዮው ከዚህ በጣም ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ባለፈው ወር ከድሬዳዋ ያስመጣነው ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስሮጥ የሚፈቅድ ዓይነት ነው፤ ይህም ኦቨርክሎክ ይባላል። ፋብሪካው በሩን ክፍት አድርጎ ሰጥቶናል፤ እኛ ግን ደጅ ቆመናል።

ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ማዘርቦርድ የትኛው እንደሆነ እንዲያሳያቸው ጠየቁ። ዚያድ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ትልቁን ሰሌዳ አሳየ፤ ሰሌዳው ገበያው፣ ፕሮሰሰሩ ነጋዴው፣ ራሙ የነጋዴው መደብ እንደሆነ አስረዳ። ሐጂ ሙሜ ነጋዴው ከአቅሙ በላይ ሲሮጥ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ዚያድ ትንሽ ይሞቃል አለ። ሐጂ ሙሜ በዚህ ገበያ ከአቅማቸው በላይ ሮጠው ትንሽ ብቻ የሞቃቸው ነጋዴ እንደማያውቁ ተናገሩ።

ሰብሳቢው ሐሳቡን ተቃወሙ። ፋብሪካው ያንን ፍጥነት የወሰነው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ እሳቸው በማስተማር ዘመናቸው ገመዱ ከሚችለው በላይ ኃይል የጫኑ ተማሪዎች የቤተ ሙከራውን መጋረጃ እንዳቃጠሉ ያስታውሳሉ። ውሳኔው ወደ ተቃውሞ ሲያዘነብል ዚያድ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ለጉባኤው አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአካባቢው ያሉ የቪዲዮ ቤቶች ባንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ናቸው። አሰቦት ቪዲዮ ቤት ያለው ታምራት የሚባል ሰው ኮምፒውተሩን በቤንችማርክ ፈትኖ፣ ማለትም ፍጥነቱን በነጥብ በሚለካ ፕሮግራም አስለክቶ፣ ከዐሥራ አንድ ሺህ በላይ ማምጣቱን በፎቶ ለጥፏል። ከሥሩም «የጭሮ ልጆችስ?» ብሎ ጽፏል። የእኛ ኮምፒውተር ባለፈው ሲለካ ያገኘው ዘጠኝ ሺህ ገደማ ነው።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ከዚያ ሐጂ ሙሜ የሚከተለውን ተናግረው ቃል በቃል እንዲመዘገብ ጠይቀዋል፦

«አሰቦት ቆላ ነው። እዚያ ኮምፒውተር ይቅርና ሰውም ይቀልጣል። እኛ ጭሮ በዚህ ብርድ ተቀምጠን፣ ጋቢ ለብሰን፣ አሰቦት ይቅደመን? ማሎ መኮንን፣ አንተ ፊዚክስ አስተምረሃል፣ ይሄ ነገር በፊዚክስ ልክ ነው?»

ማሎ እባክህ ማለት ነው። ሐጂ ሙሜ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ በመሆኑ ለሁሉም ሰው አንተ ይላሉ፤ ሰብሳቢው ይህን ስለሚያውቁ ቅር አይሰኙም። ጥያቄው ግን ነክቷቸዋል። ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ ከተራራው የሚወርደውን ነፋስ በእጃቸው መዘኑ፤ የአካባቢ ሙቀት ዝቅ ባለ መጠን ፕሮሰሰሩ የበለጠ መሥራት እንደሚገባው፣ ስለዚህ የአሰቦት መብለጥ በፊዚክስ ልክ እንዳልሆነ አስታወቁ። ተቃውሟቸውንም በዚያው አነሡ።

ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ደጃፉ ላይ አባት ተቀምጠው እየጠበቁ መሆኑን አሳሰቡ። ዚያድ የሚሠራው ሁሉ ለእሳቸው ሲባል እንደሆነ መለሰ። ሆኖም ለመለካትም ሆነ ፍጥነቱን ለመጨመር የተጀመረው ሬንደር መቆም አለበት፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሣት ስላለበት የሄደው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሹክሪያ እጇን አወጣች። መናገር መከልከሏ ተነገራት። እጇን አላወረደችም። ሰብሳቢው እንደ ተቃውሞ ድምፅ ቆጠሩት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሬንደሩ ለአጭር ጊዜ እንዲቋረጥና ማዘርቦርዱ ተለክቶ እንዲፋጠን በሦስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊዋ እጇ በመጻፍ ስለተያዘ ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቦላታል።

የኮምፒውተሩ ፋን ድምፅ ሲቆም አቶ ሱሌይማን ከደጃፉ ብቅ ብለው «አለቀ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑ ተነገራቸው። ሁለተኛ ሻይ ታዘዘላቸው።

ተራ ቁጥር 3። የመጀመሪያው ሙከራ

ዚያድ ባዮስ ወደሚባለው የማዘርቦርዱ ሰማያዊ ገጽ ገብቶ የፍጥነቱን ቁጥር ከአርባ ሁለት ወደ አርባ ስድስት ከፍ አደረገ፤ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ኃይልም ጨመረ። ሰብሳቢው እያንዳንዱ ለውጥ በጉባኤው ይሁንታ እንዲያገኝ ስላዘዙ ለአርባ ሦስት፣ ለአርባ አራት፣ ለአርባ አምስትና ለአርባ ስድስት ለየብቻ እጅ ወጥቷል። በአርባ አምስት ላይ ሐጂ ሙሜ የተቃወሙት ከአርባ አራት ጋር ያለው ልዩነት ስላልገባቸው እንጂ ፍጥነቱን ጠልተው እንዳልሆነ ኋላ አስተካክለዋል።

ፈተናው ተጀመረ። ፋኑ የሚኒባስ ሞተር ዳገት ላይ እንደሚጮኸው ጮኸ። ጉባኤው በሙሉ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ስለነበር ስብሰባው ለጊዜው በቁም ተካሂዷል። ውጤቱ ሲወጣ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሆነ፤ ሳይፋጠን ካገኘው ያነሰ ማለት ነው።

ሐጂ ሙሜ ማፋጠን በአማርኛ ማዘግየት ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ዚያድ ያላስተካከለው አንድ ነገር ስላለ ነው አለ፤ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ አሁን ሙቀቱ ከዘጠና አምስት ዲግሪ አልፏል። ሰብሳቢው በዚህ ንግግር እጅግ ተደሰቱ፤ ለጉባኤው ስለ ሙቀት መተላለፍ ገለጻ ሰጡ፤ ገለጻው ሦስት ክፍል ነበረው። በሁለተኛው ክፍል ላይ አቶ ሱሌይማን ብቅ ብለው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀው ተመልሰዋል።

ተራ ቁጥር 4። ማዘርቦርዱን ስለ ማቀዝቀዝ

ሐጂ ሙሜ በዚህ ጉዳይ የረጅም ጊዜ ልምድ እንዳላቸው ገልጸው ሐሳብ አቀረቡ። ጫት ከጭሮ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚደርሰው ሳይጠወልግ ነው፤ ምክንያቱም በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል። ስለዚህ ማዘርቦርዱም በእርጥብ ጆንያ ይጠቅለል።

ዚያድ ራሱን ያዘ። ሰብሳቢው ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው እንደማይሄዱ በዝርዝር አስረዱ። ሐጂ ሙሜ ጆንያው እርጥብ እንጂ ውሃ እንዳልሆነ አጸኑ። ሰብሳቢው እርጥብነት ራሱ የውሃ መኖር መሆኑን ሲናገሩ፣ ሐጂ ሙሜ «ታዲያ አሁን የምንተነፍሰው አየር እርጥብ አይደለም?» ብለው ጠየቁ፤ ሰብሳቢው በሳይንስ ደረጃ አዎን እንደሆነ ለመቀበል ተገደዱ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ስለተናገሩ የተመዘገበው የሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነው።

ለማስታረቅ ሲባል ማዘርቦርዱ በደረቀ እርጥብ ጆንያ እንዲጠቀለል የሚል የማሻሻያ ሐሳብ ቀርቦ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ይህ ውሳኔ በሥራ እንዴት እንደሚተረጎም ማንም ስላላወቀ አፈጻጸሙ ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል።

በመጨረሻ ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ወጥተው ከሱቃቸው ባለ እግር ፋን አምጥተው፣ የኮምፒውተሩ ጎን እንደተከፈተ ማዘርቦርዱ ላይ አነጣጥረው ለቀቁት። ፋኑ ላይ ያለው የዋጋ ወረቀት እንዳይነቀል፣ ዕቃው የሚሸጥ መሆኑን ብቻ አሳስበዋል። የኅትመት ወረቀቶች በሱቁ ውስጥ በረሩ። ከእነሱም አንዱ፣ የአንድ ሰው የመታወቂያ ፎቶ ያለበት፣ ደጃፉ ላይ በአቶ ሱሌይማን የሻይ ብርጭቆ ላይ አርፏል። እሳቸው አንሥተው አደረቁት፤ ገብተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ስክሪኑንም አዩ። ስክሪኑ ላይ ሰርግ አልነበረም፤ ቁጥር ብቻ ነበር። ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ይህን ያየችው ሹክሪያ፣ ክልከላው እያለ፣ «ባንነካው ኖሮ አሁን ሊያልቅ ምንም አይቀረውም ነበር» አለች። ሰብሳቢው ንግግሩ ከሥርዓት ውጭ እንደሆነ ተናግረው እንዳይመዘገብ አዘዋል።

ተራ ቁጥር 5። ሁለተኛው ሙከራና ያስከተለው ነገር

በፋኑ እየተነፋ ፈተናው ተደገመ። ሙቀቱ ወረደ። ቁጥሩ ዘጠኝ ሺህን አለፈ፤ ዐሥር ሺህን አለፈ። ሰብሳቢው ኮታቸውን አወለቁ። ሐጂ ሙሜ ፋኑን በእጃቸው ደግፈው ያዙ፤ ምክንያቱም እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውጤቱ ዐሥራ አንድ ሺህ ዘጠና ሆኖ ሲወጣ ከአሰቦቱ ታምራት በጥቂት ነጥብ በለጥን።

ጉባኤው ደስታውን ገለጸ። ሐጂ ሙሜ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ዚያድን ግንባሩን ሳሙት፤ ሰብሳቢውና ሐጂ ሙሜ ከተራ ቁጥር 4 ወዲህ ያልተነጋገሩ ሲሆን እዚህ ላይ ተቃቀፉ። ወ/ሮ ዘርፈሽዋል እንኳ ፈገግ ብለዋል። ሰብሳቢው ውጤቱ በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም እንዲለጠፍ፣ ከሥሩም በጨዋ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ዓረፍተ ነገሩ ምን ይሁን በሚለው ላይ ውይይት ተጀምሮ፣ ሐጂ ሙሜ ስለ ብርድና ስለ ቆላ እንዲጠቀስ፣ ሰብሳቢው ትሕትና እንዲታይበት፣ ዚያድ ደግሞ የሚስቅ ፊት ብቻ እንዲበቃ ሐሳብ እያቀረቡ ሳለ፣ ዚያድ ስልኩን ለፎቶ ወደ ስክሪኑ አቀና።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ያዘነ ፊት ወጣበት።

ሐጂ ሙሜ ያዘነው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ራሱን ለማስነሣት ሞከረ፤ ጠፋ። ዚያድ ቁልፉን ቢጫን ፋኑ አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ። የወ/ሮ ዘርፈሽዋል ፋን ብቻ መንፋቱን ቀጠለ፤ ሰብሳቢው እንዲጠፋ አዘዙ።

ተራ ቁጥር 6። ሰርጉ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም

ሰብሳቢው ከዚህ በኋላ የተናገሩት በዝግታ ነው። የኩብራ ሰርግ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደነበር፣ ኮምፒውተሩ እንደማይነሣ፣ አባትየው ደጃፉ ላይ እንደሆኑ ጠቅሰው ማን እንደሚነግራቸው ጠየቁ። ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ አልተገኘም። ኋላ ዚያድ ራሱ እንደሚነግራቸው ተናገረ፤ ግን ሳይነሣ ቆየ።

ሹክሪያ እንድትናገር ማንም ሳይፈቅድላት ተናገረች። የተቀረጸው ዋናው ምስል ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ የካሜራው ካርድ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳለ፣ ካሜራውም ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋም ወንበሩ ሥር እንደሆነ አስታወቀች።

ደጃፉ ላይ የነበሩት አቶ ሱሌይማን ይህን ሰምተው ገቡ።

«ሰርጉ ካሜራው ውስጥ አለ?»

«አለ፣ አቶ ሱሌይማን፤ ግን ያልተሠራ ነው» አለች ሹክሪያ። «ዘፈን የለበትም፣ ጽሑፍ የለበትም። የተንቀጠቀጠ አለ፣ ጨለማ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አናሳይም።»

ሰብሳቢው ያላለቀ ሥራ ለደንበኛ እንዳይታይ በማኅበሩ ደንብ መወሰኑን፣ ደንቡንም ያረቀቁት እሳቸው መሆናቸውን ለጉባኤው አስታወሱ።

አቶ ሱሌይማን ደንቡን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሹፌር ነኝ። ዘፈኑን መኪናዬ ውስጥ እሰማለሁ። ልጄን አሳዩኝ።»

ሰብሳቢው ለድምፅ ሊያቀርቡት ነበር፤ ነገር ግን ሹክሪያ ካሜራውን አውጥታ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስላደረገችው ድምፅ አልተሰጠበትም። የካሜራው ስክሪን የክብሪት ቤት ያህል ነው። አቶ ሱሌይማን ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የቀሩት ከኋላቸው ቆሙ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ከሁሉ ይበልጥ ተጠግተው ስለነበር ሐጂ ሙሜ በትከሻቸው ገፋ አድርገዋቸዋል፤ ይህ እንደ ጠብ አይቆጠርም።

ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ፣ ወንዶቹ ደጅ ሲቀመጡ፣ ወንድማቸው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ላቡን ሲጠርግ ታየ። አቶ ሱሌይማን «ሸሚዙ የኔ ነው» አሉ። ሹክሪያ ቶሎ ቶሎ ወደ ፊት እያሳለፈች ኩብራ ከቤት ወደምትወጣበት ልትደርስ ስትል፣ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ይህንን ከቅንብሩ እንዳወጣችው ተናገረች። የሙሽራዋ ኩል ወርዷል፤ የሹክሪያም እጅ ተንቀጥቅጧል፤ ሰው ለሰርግ ቪዲዮ የሚከፍለው እንባ ለማየት አይደለም ብላ ነው። አቶ ሱሌይማን ተዪው፣ ይታይ አሉ።

ኩብራ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ከበሩ ውጭ የሚዜዎቹ ድምፅ ይሰማል። ወደ ካሜራው ዞረች።

«ሹክሪያ፣ እየቀረጸ ነው? … አባ። አጎቴ መጥቷል፤ ሁሉም ሰው መጥቷል። አንተ መንገድ ላይ ነህ። አላኮረፍኩም፣ ወላሂ። ስንት ዓመት ሙሉ አንተ ስትሄድ እኔ በር ላይ ቆሜ ሸኘሁህ። ዛሬ እኔ ነኝ የምሄደው። ይሄን ስታይ፣ መቼም ይሁን፣ ያኔ ሸኘኝ።»

ከዚያም መሸፈኛዋን አስተካክላ ወጣች። ካሜራው ተንቀጥቅጦ በሩን ብቻ ሲያሳይ ቆየ።

አቶ ሱሌይማን እንዲደገም ጠየቁ፤ ተደገመ። በሁለተኛው ጊዜ ልጅቷ ወደ በሩ ስትዞር እጃቸውን ከፍ አድርገው ለስክሪኑ «ነጋያን ገሊ» አሉ። ሰብሳቢው ትርጉሙ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ አዘዋል፦ በሰላም ግቢ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ጊዜ አልተመዘገበም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። ሐጂ ሙሜ አቧራ አለ ብለው ወጥተው የነበረ መሆኑ፣ ወ/ሮ ዘርፈሽዋል ደግሞ ሐጂን ለመፈለግ ብለው ወጥተው ለብቻቸው መመለሳቸው ብቻ ይታወቃል።

ሹክሪያ ያንን ክፍል በካሜራው ገመድ ወደ አቶ ሱሌይማን ስልክ አሳለፈችላቸው። ሙሉው ቪዲዮ ሲያልቅ፣ በሚቀጥለው ጉዟቸው ቦርደዴ ሲደርሱ እንዲያገኙት በሚኒባስ እንደሚልክላቸው ዚያድ ቃል ገባ። አቶ ሱሌይማን አጥብቀው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ የወጣው ቦታ እንዲመለስ፣ የተንቀጠቀጠውም እንደ ተንቀጠቀጠ እንዲቆይ። ሹክሪያ እሺ አለች። ሲነሡ ዚያድ አፈረ መሰለኝ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ጀመረ። አቶ ሱሌይማን ትከሻውን መታ አድርገው፣ እሳቸውም መኪናው በረሃ ላይ የቆመባቸው ጊዜ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ከልክ በላይ ስለ ፈጠኑ እንደሆነ፣ ይህን ግን ለኩብራ እንዳይነግርባቸው አደራ አሉት። ሁሉም አባላት እስከ መናኸሪያ ሸኟቸው።

ተራ ቁጥር 7። ልዩ ልዩና መዝጊያ

ከመናኸሪያ ሲመለሱ ዚያድ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አውጥቶ ጥቂት ቆይቶ መለሳት። ይህ ማዘርቦርዱ የተጨመረበትን ሁሉ ረስቶ በፋብሪካ ፍጥነቱ እንዲነሣ ያደርገዋል። ተነሣ። የሹክሪያ ሥራ አልጠፋም ነበር። ዚያድ ማንም ሳያዘው የቴሌግራሙን ቡድን ከፍቶ ለታምራት «ማሻአላህ፣ ጎበዝ» ብሎ ጻፈ።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ለመዝጋት ሰዓት ጠየቁ። ጸሐፊዋ ከስክሪኑ ጥግ አነበበች። ባትሪዋ ስትወጣ ሰዓቱም ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በፈረንጆች አቆጣጠር ዐሥር ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያለ የአዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ነው። ዚያድ ሊያስተካክለው ሲል ሐጂ ሙሜ አስቆሙትና፣ የተነበበው ሰዓት ተነቧል፤ በዚህ መሠረት ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ተዘግቷል አሉ። ወ/ሮ ዘርፈሽዋል በዚያ ጊዜ ማኅበሩ ራሱ እንዳልተመሠረተ ጨመሩ። ሰብሳቢው ነገሩን በፊዚክስ ለመቃወም አፋቸውን ከፍተው፣ ትንሽ አስበው፣ ዘጉት።

ስለሆነም እስከ ተራ ቁጥር 6 የተወሰነው ሁሉ፣ ማፋጠኑም፣ የደረቀ እርጥብ ጆንያውም፣ ያላለቀ ሥራ አይታይም የሚለው ደንብም፣ ሹክሪያ አትናገር የሚለው ክልከላም ተሽሯል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲሆን የሹክሪያ እጅ ብቻ ይቀር ነበር። ስትጠራ አልዞረችም፤ ኩል የወረደበትን የኩብራን ፊት ወደ ቅንብሩ እየመለሰች ነበር።